ለወፍ የታጠነ ቅል

«በእኛ ጊዜ ቅል ሳይታጠን ሥራ ላይ አይውልም!» አልኳት። ልጄን ሮማንን ነው። ጋራዡ ጭስ ብቻ ሆኗል፣ ጣሪያው ላይ ያለው አላርም ይጮኻል፣ እሷ የሥራ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች በአንድ እጇ አፍንጫዋን ይዛ በሌላው የመጥረጊያውን እንጨት አንስታ አላርሙን ከሥር ትጎነትላለች። እኔ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ቅሉን ጭሱ ላይ ደፍቼ ይዣለሁ። ምን ላድርግ? ጭሱ ገና መግባቱ ነው፣ አሁን ካነሣሁት ይበላሻል።

«አባባ፣ ቤቱን ሊያቃጥሉት ነው እንዴ? ፋየር ትራክ ይመጣል እኮ!»

«ይምጣ።»

«ይምጣ ይሉኛል ደግሞ! ኦኬ፣ ለምንድን ነው የሚያጥኑት? ወተት አናልብ፣ እርጎ አንንጥ!»

«የዌይን ነው።»

መጥረጊያውን አወረደችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ለወፎቹ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አባባ... ወፍ በታጠነ ቤት ይገባል?»

ታዲያ ይኸን ስትለኝ እጄ ቀጥ አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አላሰብኩትም። ቅል ሲደርቅ ይታጠባል፣ ታጥቦ ይታጠናል። እናቴ እንዲያ ስታደርግ አየሁ፣ እኔም እንዲያ አደረግሁ። ወፍ ይግባበት ሰው ይጠጣበት፣ እጄ አልጠየቀም።

ቆዩ፣ ነገሩን አልያዛችሁትም። ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ ወሬ አላውቅበትም፣ ተናገር ስላላችሁኝ ነው።

ዌይን ጎረቤቴ ነው። እዚሁ ጋርላንድ፣ አጥር ለአጥር። እንደኔው ሽማግሌ ነው፣ ሚስቱ ሞታበታለች፣ ያለው አንድ ልጅ ነው፣ እሱም ሂዩስተን ነው የሚኖረው። ዌይን አማርኛ አያውቅ፣ እኔ እንግሊዝኛ አላውቅ፣ እና ይኸን ሁሉ ዓመት ተግባብተን ኖርን። እንዴት አትበሉኝ። ጠዋት እሱ በዚያ ይቆፍራል፣ እኔ በዚህ እቆፍራለሁ። አፈሩ መረሬ ነው፣ ሙቀቱ ሲመጣ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲነካው ጫማ ከእግር ይነጥቃል። የመጣሁ ሰሞን ወጥቼ አንድ ጭብጥ አንስቼ አሸተትኩት። ይኸን አፈር አውቀዋለሁ፣ አልኩ። ቀና ስል አንድ ሰውዬ በአጥሩ ላይ ያየኛል። እሱም ጎንበስ አለና ከራሱ ግቢ ጨብጦ አሸተተ። እና ራሱን ነቀነቀልኝ። ጓደኛ የሆንነው ያኔ ነው፣ ሌላ ታሪክ የለውም።

ታዲያ ዌይን ወፎች አሉት። አሉት ልበል እንጂ የማንም አይደሉም፣ የእግዜር ናቸው። ጥቁር ናቸው፣ ጥቁር ስላችሁ ግን ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ የሚሆን ጥቁር፣ ጭራቸው እንደ መቀስ የተከፈለ። በአማርኛ ምን እንደሚባሉ አላውቅም። በብርዱ ወራት እዚህ የሉም፣ ብራዚል ናቸው አሉ። እና ብርዱ ጨርሶ ሳይወጣ፣ ዛፉ ሁሉ ራቁቱን እንደቆመ፣ በየካቲት አንዱ ቀድሞ ይመጣል። አንድ ብቻ! ቤቱ አለ ወይ ብሎ አይቶ፣ ሌሎቹ ኋላ ይከተላሉ። ስሙኝ፣ ይኸ ወፍ ደግሞ እንደ ሌላው ወፍ ዛፍ ላይ ጎጆ አይቀልስም። ሰው ቅል ቀድዶ ከፍ ባለ ብረት ላይ ይሰቅልለታል፣ እዚያ ገብቶ ይወልዳል። ሰው ካልሰቀለለት ቤት የለውም። እኔ መጀመሪያ ስሰማ፣ «ቅል? የእኛው ቅል? ውሸትህን ነው በይው» አልኳት ሮማንን።

እውነቱን ነበር። በየዓመቱ ዌይን ይሰቅላል፣ በየዓመቱ ይመጣሉ። እኔም በአጥሩ ላይ ሆኜ አያለሁ።

ዘንድሮ በረዶው መጣ። ያ ዛፉን ሁሉ ብርጭቆ ያለበሰው፣ ታስታውሱታላችሁ። ብረቱን ጣለው፣ ቅሎቹ እንዳልነበሩ ሆኑ። ዌይን ሊያነሣ ወጣና ተንሸራቶ ወደቀ፣ ዳሌው ተሰበረ። ሆስፒታል ሰነበተ፣ በዊልቼር ተመለሰ። እና ልጁ ከሂዩስተን መጣ።

እኔ የኮክ ዛፌን እየመለመልኩ ነበር። ኮክ እንቡጡ ሳይከፈት ነው የሚመለመለው፣ ካለፈ አለፈ። ታዲያ ከአጥሩ ማዶ ሲነጋገሩ ይሰማኛል። ቃሉ አይገባኝም፣ ድምፁ ግን ይገባኛል። ልጅየው ይለምናል፣ አባትየው ዝም ይላል። እኔ ዝምታ አውቃለሁ፣ ያ የእሺታ ዝምታ አልነበረም።

ሮማን ከሥራ ስትገባ፣ ኧርቪንግ ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ነው የምትሠራው፣ ስትገባ ልጅየው በር ላይ አግኝቶ ነግሯታል።

«አባባ፣ ዌይን ቤቱን ሊሸጥ ነው። ማለቴ፣ ልጁ ነው የሚሸጠው፣ ሂዩስተን ሊወስደው። ዌይን ደግሞ ወፎቼ መጥተው ቤት ቢያጡስ ብሎ እምቢ አለ። ሶ ልጁ ምን አለው? ኦኬ ዳድ፣ ወፎቹ ከመጡ እዚሁ ትኖራለህ፣ ሰው ቀጥሬ አስጠብቅሃለሁ፤ ካልመጡ ግን ያለ ክርክር ትሄዳለህ።»

«ቅሎቹ ተሰብረው የለ?»

«እሱን አይቶ እኮ ነው እንዲህ ያለው።»

እኔ በዚህ አገር አብሬው ዝም ልል የምችለው ሰው አንድ እሱ ነው፣ ይኸን ለማን እነግራለሁ? ወጣሁ። ወጥቼ አጥሬን አየሁት። አጥሬ ላይ ደግሞ ምን አለ? ቅል! ባለፈው በጋ ዘሩን አንዲት ሴት ቤተ ክርስቲያን ሰጥታኝ የተከልኩት። ሐረጉ አጥሩን ዘሎ ግቢው ስለገባ፣ ዌይን በእጁ ምልክት «ግማሹ የኔ ነው!» እያለ ሲቀልድብኝ ነበር የከረመው። እዚያው ተንጠልጥሎ ደርቋል። ነቅነቅ ሳደርገው ፍሬው ከውስጥ ይንኳኳል። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይባል የለ? በል እንግዲህ፣ አልኩት፣ ጊዜህ ደርሷል።

ሁሉንም አወረድኳቸው። ሆዳቸው ላይ ክብ በር ስከፍት ዌይን በመስኮቱ ሆኖ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ገጥሞ ልኩን ያሳየኛል። ትንሽ ላሰፋ ስል፣ «ኖ! ኖ! ኖ!» ከመስታወቱ ውስጥ ይጮኻል። ታዲያ ውሃ ሞላሁ፣ ጠጠር ጨምሬ ናጥኩ፣ አጠብኩ፣ እና ከኮኩ የመለመልኩትን እንጨት አነደድኩና አጠንኩ። ይኸው እዚያ ላይ ነው ሮማን የደረሰችብኝ።

ይዘንለት ሄድን። ተቀበለኝና ደስ ብሎት አገላበጠው፣ ከዚያ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። አሸተተ። አየኝ። ደግሞ አሸተተ። አንድ ነገር አለ፣ ሮማን ሳቋ አመለጣት።

«ምን አለ?»

«ወፎቼን ባርቢኪው ልታደርጋቸው ነው ወይ ነው የሚለው!»

እሱም ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ቅሉን ጭኑ ላይ አድርጎ በመዳፉ ያሻሸዋል። ቀስ ብሎ ተናገረ፣ እሷም ቀስ ብላ ነገረችኝ። «ጭስ ለወፍ እሳት ማለት ነው፣ ይሸሻል። ያልታጠነ አንድም የለውም ወይ ይላል።»

የለም። አንድም የለኝም።

ዳግመኛ አጠብኳቸው። ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ምን ይሆናል? ጭስ ቅል ከገባ አይወጣም፣ እንዲያውም እንዳይወጣ ብለን አይደል የምናጥነው! ብቻ ሰቀልናቸው። እኔና ሮማን ብረቱን አቆምነው፣ «አባባ፣ ወገቤ! ወገቤ!» ትላለች፣ ዌይን ዊልቼሩ ላይ ሆኖ በእጁ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ይለናል።

እና መጠበቅ ሆነ። ድንችና ሽንኩርት ተከልኩ፣ የጽጌረዳውን ደረቅ ቆረጥኩ፣ ዓይኔ ግን ሰማይ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ መጣ። ቦዩ ውስጥ እንቁራሪቱ ጀመረ። ያ ቀይ ወፍ ጎሕ ሲቀድ አጥሩ ላይ ወጥቶ ማፏጨት ጀመረ። ማዕዘኑ ላይ ያለው ዛፍ አንድ ቅጠል ሳያወጣ፣ ከደረቅ እንጨቱ ላይ ብቻ ሮዝ አበባ ፈነዳበት፣ እንዴት ያለ ነገር ነው! ኮኬም እንቡጡ አበጠ። ሁሉም ሰዓቱን አውቆ ሲመጣ፣ የዌይን ወፍ የለም። አንዲት ድንቢጥ መጣች። ቅሉ በር ላይ አርፋ አንገቷን አስገባች፣ ወዲያው ብር ብላ ሄደች። ዌይን አየኝ፣ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ልጅየው ካርቶን ይዞ መጣ። ዕቃ መሰብሰብ ተጀመረ። ካርቶኑ በረንዳው ላይ ሲከመር ከግቢዬ ይታየኛል።

ታዲያ አንድ ጠዋት ዌይን ብረቱ ሥር ተቀምጧል፣ እኔ አጠገቡ ዶማዬን ተደግፌያለሁ። ሮማን ወደ ሥራ ልትሄድ መኪናዋን እያሞቀች ነው። ከላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ። አንገቱ ከጠበበ ማሰሮ ውሃ ሲቀዳ የሚያሰማው አለ አይደል? ልክ እንደሱ፣ ግን ከሰማይ። ቀና አልኩ፣ ምንም የለም። ዌይን ግን ፊቱ ተለውጧል፣ ጣቱን ቀስሯል። ነጥብ ናት። ነጥቧ ዞረች፣ ወረደች፣ ዞረች፣ ወፍ ሆነች።

መጣና ብረቱ ላይ አረፈ። ጥቁር፣ ከዚያ ፀሐይ ነካችውና ሐምራዊ። ወደ ቅሉ ሄደ። በሩ ላይ ተንጠለጠለ። አንገቱን አስገባ፣ እና ቆየ። ኧረ ቆየ! ዌይን ክንዴን ይዞኛል፣ እንዲያ ያለ ጉልበት እንዳለው አላውቅም ነበር። አንገቱን አወጣ። በረረ።

ሄደ፣ አልኩ በልቤ። ጭሱ አባረረው።

ዞሮ መጣ። በቀጥታ መጣ፣ አላረፈም፣ አልተጠራጠረም፣ ገባ! ሙሉውን ገባ፣ ጭራው እንኳ አልቀረም። ትንሽ ቆይቶ ራሱን ብቅ አደረገና አየን፣ በገዛ ቤቱ መስኮት ብቅ እንዳለ አባወራ።

ልጆቼ፣ እኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። እንዴት ብላችሁ ታስቡታላችሁ? ከብራዚል ተነሥቶ፣ ያን ሁሉ ባሕር፣ ያን ሁሉ ነፋስ፣ ያን ሁሉ ከተማ አልፎ፣ ይኸ ሁሉ አውሮፕላን በሚርመሰመስበት ሰማይ አቋርጦ፣ እኔ አጥር ላይ የበቀለችውን አንዲት ቅል ማግኘቱ! ማን ነገረው? ማን መራው? እኔ ከኤርፖርቱ እስከ ቤቴ ብቻዬን መምጣት አልችልም። አንተ አትሳቅ፣ አንተስ ያለ ስልክህ ትመጣለህ? እና ክብደቱ ምን ያህል ቢሆን ነው፣ ከአንድ ድንች አይበልጥም እኮ። አይበልጥም።

ባርኔጣዬን አወለቅሁ። «እንኳን ደህና ገባህ» አልኩት።

ሮማን መኪናዋን እንዳስነሣች ትታ አጥሩ ጋ መጥታ ቆማለች። ዌይን ‹ወፉን ምን አለው?› ብሎ ጠየቃት መሰለኝ፣ ነገረችው። ወደ ወፉ አየ። ወደ በረንዳው፣ ወደዚያ ወደ ካርቶኑ ክምር አየ። አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና አንድ ነገር ተናገረ፣ ክንዴን ገና አልለቀቀም። ሮማን አፏን በእጇ ያዘች፣ ትስቅ ታልቅስ አልለየሁም።

«ምን አለ?» አልኳት።

«አባባ፣ ‹በል የኔንም ቤት አጥንልኝ፣ እኔም አልወጣም› ነው የሚልዎት።»