የአባ ጥርጥር ማባያ

ሰፈርተኛው «አባ ጥርጥር» የሚላቸው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አንድ ጠዋት ሳንቃና ምስማር ታቅፈው ሲመለሱ፣ ከጎረቤታቸው ልጅ ከፋርማሲስቷ ጋር መንገድ ላይ ተገጣጠሙ። ሳንቃው በሁለቱ ግቢ መካከል ያለችውን ትንሽ በር ለመቸንከር ነበር። በሯን ያስከፈቱት ሟች ባለቤታቸውና የልጅቷ እናት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ «እንዴት አደሩ?» የሚላቸው ሰው የሚመጣው በዚያች በር ብቻ ነበር።

«ምነው አባባ? እናቴ ምን አጠፋች?» አለች ልጅቷ።

«እሷን ጠይቂያት! ከጓሮዬ ቲማቲምና ቃሪያ ቀጥፌ፣ ፈጭቼ፣ አብስዬ ያስቀመጥኩት ማባያ ጠርሙስ ውስጥ ይንተከተካል። ትናንት አንዱ ክዳን ተስፈንጥሮ የደንበኛዬን ነጭ ሸሚዝ ጉድ አደረገው። ሰው እጁን ካላስገባበት ያለ እሳት የሚፈላ ነገር አለ? በዚያች በር የሚገባ ደግሞ ከእናትሽ በቀር ማን አለ?»

ልጅቷ ደሟ ፈላ፤ ግን ዋጥ አድርጋ፣ «ጠርሙሱን በምን አጠቡት?» አለች።

«በቀዝቃዛ ውሃ።»

«ክዳኑንስ?»

«በዚህ ጠረግኩት» ብለው መቀሱንም የስፌት መኪናውንም የሚወለውሉበትን ጨርቅ ከኪሳቸው መዘዙ።

«ኮምጣጤስ ጨመሩበት?»

አባ ጥርጥር ኮስተር አሉ። «ባለቤቴ ትጨምር ነበር። ያስተማረቻት ግን እናትሽ ናት። ምን አስባ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ተውኩት።»

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ! ሰውየው ሌባ ሲጠብቁ ዘበኛውን ራሳቸው አባረውት ኖሯል።

«አባባ፣ ሊጥ በእርሾ ሲነፋ አይተው የለ? በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። ባልተቀቀለ ጠርሙስና በቆሸሸ ጨርቅ ይገባሉ፤ ማባያውን እየበሉ አየር ያወጣሉ። ኮምጣጤ ካለ ግን አይመቻቸውም።»

«የማይታይ ሌባ! እናትሽ ጥሩ ጠበቃ ወልዳለች።»

«እኔን አይመኑኝ። አንዱን ጠርሙስ በእርስዎ መንገድ፣ አንዱን በእኔ እንሥራ። ሁለቱንም ሳጥንዎ ውስጥ ይቆልፉ፤ ቁልፉን እርስዎ ይያዙ። ሳንቃው የትም አይሄድብዎትም።»

ቁልፍ ሲባል አባ ጥርጥር ለዘብ አሉ። ማባያው ተሠራ። ልጅቷ በድርሻዋ ኮምጣጤ ጨምራ አንተከተከችው፤ ጠርሙሱንም ክዳኑንም ቀቅላ በትኩሱ ሞላችና ከደነች። እሳቸው ከጣቷ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«ከኪስሽ ምን አወጣሽ?»

«መሐረብ ነው እኮ አባባ! ቃሪያው አስነጠሰኝ።»

ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሰነበቱ። አንድ ከሰዓት ሳጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር ጧ አለ። ሲከፍቱት የእሳቸው ጠርሙስ ክዳኑን ጥሎ አረፋ ይደፍቃል፤ የልጅቷ ጭጭ ብሏል። አንገታቸውን ዳሰሱ፤ ቁልፉ እዚያው ነው። አሁን ማንን ይጠርጥሩ? አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው «ለካስ እኔው ነኝ!» አሉ። አፈሩ፤ በጣም አፈሩ።

ደህነኛውን ጠርሙስ ይዘው ትንሿን በር አንኳኩ። ጎረቤታቸው ከፈቱ። የሳንቃውን ወሬ ሰምተዋልና ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት።

«ምን ከተውበታል?»

«ኮምጣጤ» አሉ አባ ጥርጥር አቀርቅረው። «ያንቺን ኮምጣጤ። ይቅር በይኝ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱልኝ!»

ቀመሱ። አንገበገባቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሴትዮዋ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ውሃ ሊያመጡ ሮጡ።

ከዚያ ወዲህ አባ ጥርጥር ጠርሙስ ሳይቀቅሉ አይሞሉም፤ ጠርሙስ ውስጥ የተንተከተከውንም ሳይቀምሱ ይደፉታል። የጓሯቸው ምርት ከርሞ ይበላል፤ የደንበኛ ሸሚዝም በሰላም ይወጣል። ሳንቃውን ከበሯ አጠገብ የሁለቱ ቤት ጠርሙስ መደርደሪያ አድርገው ቸነከሩት። ቁልፍ አላበጁለትም።