የትናንት ዘይት

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠው የቀድሞ ወታደር፣ አንድ የአዲስ አበባ ዶሮ ጥብስ ቤት የንግድ ስሙን ሰጥቶት በራሱ ገንዘብ ሞጣ ላይ ቅርንጫፍ ሊከፍት መሆኑን ሲናገር፣ አጠገቡ ያሉት ቁርስ ቤት ያላቸው እናት ሳቁበት።

«ወታደር ምን ንግድ ያውቃል ልጄ?»

«ምንም አላውቅም እማማ። የመረጡኝም ለዚህ ነው።»

«እንዴት ማለት?»

«ቅመሙም አጠባበሱም የእነሱ ነው። ከእኔ የሚፈልጉት እንዳዘዙኝ እንድሠራ ነው።»

«በገዛ ገንዘብህ ታዛዥ ልትሆን?»

«ልሁና። ነጋዴ ቢሆን በሳምንቱ የራሱን ቅመም ይጨምርበታል። እኔ የጠበስኩበትን ዘይት በየቀኑ ድፋ ካሉኝ እደፋለሁ።»

«ዘይት በዚህ ዋጋ? አለቆችህ ያሉት አዲስ አበባ፤ ማን ያይሃል?»

«ዘብ ስቆምም የሚያየኝ አልነበረም እማማ። ግን ተኝቼ አላውቅም።»

ከመናኸሪያው ገዝቼ ልገምጠው የነበረውን ሳምቡሳ ቀስ ብዬ ወደ ወረቀቱ መለስኩት።