የተፋቀው የካሌብ ፔልሃም ምልክት

አቶ ኢኖክ ፔልሃም የቴአትር ባርኔጣቸውን ሊያወጡ ወደ መንደሩ ጽሕፈት ቤት ባይሄዱ ኖሮ፣ ያን ዓመትም እንደ ወትሮው ሲጨበጨብላቸው ባመሹ ነበር። ዳሩ ግን በሩ ላይ ከልጃቸው ልጅ ከሊዲያ ጋር ድንገት ተገናኙ። ሊዲያ ቦስተን ተምራ የተመለሰች የታሪክ አስተማሪ ናት። እጇ አቧራ ብቻ ሆኗል፤ ፊቷ ደግሞ መርዶ ይዞ ደጅ የቆመ ሰው ፊት ይመስላል።

መንደራችን ዌንፊልድ በየዓመቱ መከር ሲገባ የራሷን ኀጢአት በቴአትር ታሳያለች። የዛሬ ሁለት መቶ ስልሳ ዓመት አባቶቻችን ዶርካስ ፌን የምትባል መበለት «ጠንቋይ ናት፤ መንፈሷ ልጆቻችንን ይቆነጥጣል» ብለው ሰቀሏት። መጽናኛችን አንድ ሰው ነበር። ካሌብ ፔልሃም ብቻውን «ይህች ሴት ደግ ጎረቤቴ ናት» በሚል የምስክርነት ወረቀት ላይ ምልክቱን አኖረ እየተባለ ሲነገር ኖሯል። አቶ ኢኖክ የካሌብ ዘር ናቸው፤ መድረክ ላይም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካሌብን ሆነው የተጫወቱት እሳቸው ናቸው። የዶርካስ ዘሮችም ውለታ አንረሳም ብለው፣ ከዓመቱ ፖም መጀመሪያ የተለቀመውን አንድ ቅርጫት ፔልሃሞች ደጅ ያደርሳሉ። አንድም ዓመት አስታጉለው አያውቁም።

«አባባ፣ እስቲ አረፍ ይበሉ» አለች ሊዲያ።

«ምነው፣ ማን ሞተ?»

«አዲስ የሞተ የለም። የቆየ ነው።» ከድሮ መዛግብት ሣጥን ያወጣችውን ወረቀት ሰጠቻቸው። «ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ይዩት።»

አቶ ኢኖክ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ። ጽሑፉ የዶርካስን ደግነት ይመሰክራል። ከሥሩ ግን ወረቀቱ ሳስቶ ብርሃን ያስገባል፤ በቢላ ተፍቋል። በተፋቀው ቦታ ላይ ሁለት ጭረትና አንድ የሹካ ቅርጽ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ካሌብ ፊደል ስላልቆጠረ የሚፈርመው የከብቶቹን ጆሮ በሚበጣበት ምልክት ነበር፤ ያን ምልክት ደግሞ ከአቶ ኢኖክ የተሻለ የሚያውቀው የለም።

«ማን ፋቀው?» አሉ።

«ራሱ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ቃሉን መዝግቦታል፤ ‹ይህችን ሴት አላውቃትም፤ ሳይገባኝ ነው የፈረምኩት› ብሏል። ይህ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ የመቀመጫ መዝገብ ነው። ምልክቱ በተፋቀ በዘጠነኛው ቀን ካሌብ ከበሩ ሥር ተነሥቶ ሁለተኛው ረድፍ ላይ እንዲቀመጥ ተወስኗል።»

በዚያ ዘመን አባቶቻችን በእግዚአብሔር ቤት እንኳ የሚቀመጡት በክብር ደረጃቸው ነበር፤ ማን ከማን ፊት እንደሚቀመጥ ኮሚቴ ይወስን ነበር። አቶ ኢኖክ እስከ ዛሬ ድረስ እሑድ እሑድ የሚቀመጡት እዚያው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። ክው ብለው ቀሩ። ሊወስዱት የመጡትን ባርኔጣም ረሱት።

«ታዲያ… ታዲያ ማንም አልፈረመላትም ማለት ነው?»

«ማንም።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው መለሱላት። «ወደ ሣጥኑ መልሺው፣ ልጄ። ሙት ወቃሽ መሆን ምን ይረባል? መልካም ስም ከመልካም ሽቱ ይሻላል ይላል መጽሐፉ።»

«መልካም ስም አለ እንጂ የተሰረቀ ስም አላለም፣ አባባ።»

«እኔ ሰረቅሁ? እኔ ማንን ገደልኩ? ዶሮ ሳርድ እንኳ እጄ የሚንቀጠቀጥ ሰው!»

«እርስዎ ማንንም አልገደሉም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዶርካስን ምን ገደላት ይላሉ?»

«ድንቁርና ነዋ! መናፍስት በዓይን ይታያሉ ብለው ሲያምኑ!»

«ድንቁርናውስ ከሳሾቿን ይመለከታል። ካሌብ ግን ያውቃት ነበር፤ ላሟ ስትወልድ አዋላጁ እሱ ነበር። ምልክቱን ያስፋቀው ‹ሰው ምን ይለኛል› ነው። ስም ማለት ሰው ስለ እኛ የሚያወራው ነው፤ ጠባይ ግን ቢላው እጃችን ሲገባ የምናደርገው ነው። ያን ጊዜ መንደሩ በሙሉ ስሙን ሲጠብቅ ጠባዩን ጣለ።»

«ንግግርስ ታውቂያለሽ» አሉ አቶ ኢኖክ በምሬት። «ለዚህ ነው ያስተማርንሽ? የአያቶችሽን አጥንት እንድትቆፍሪ?»

«ይቆጡኝ፣ አባባ፤ ይገባዎታል። ነገር ግን ነገ ጧት ወይዘሮ ሁልዳ ቅርጫታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ይቀበሏቸዋል?»

ሁልዳ ፌን የዶርካስ ዘር፣ የሽማግሌውም የልጅነት ጎረቤት ናት፤ አብረው በበረዶ ተንሸራተዋል፣ ባሏን አብረው ቀብረዋል። «ይህ ነገር ቢሰማ» አሉ ሽማግሌው፣ «እኔ በዚህ መንደር በየት በኩል አልፋለሁ?»

«ካሌብም ያን ዕለት ያለው ይህንኑ ይመስለኛል» አለች ሊዲያ በቀስታ።

እነሆ፣ ሰውን የሚያስደነግጠው የሌላው ክፋት ብቻ አይደለም፤ የራስን ድምፅ በሌላ ሰው አፍ መስማት ከሁሉ ይብሳል። አቶ ኢኖክ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግሥቱ ሁልዳ እያለከለከች ኮረብታውን ወጣች። «እንካ፣ የዘንድሮው ይጣፍጣል!» ብላ ቅርጫቱን ዘረጋችላቸው። አቶ ኢኖክ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ሁሉንም ሳያስቀሩ ነገሯት።

የሁልዳ ፊት አመድ መሰለ። «ምን? ምን አልክ?»

«ፋቀው፣ ሁልዳ። አላውቃትም አለ።»

«አንተ ኢኖክ! አያቴ በዚያ በታመመ ጉልበቷ ይህን ኮረብታ ስትወጣ የኖረችው ለተፋቀ ወረቀት ነው? እኛ ልጆቹ አንዷን ፖም ብንነካ ‹የባለውለታችን ናት!› ተብለን በጥፊ ነበር የምንባለው!»

«መምታት ካሻሽ ምቺኝ።»

«አንተን መትቼ ምን ላተርፍ፣ አንተ የደረቀ ጉቶ!» ቅርጫቷን ይዛ ሄደች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ግን ዞረች። ታለቅስ ነበር። «ቅዳሜ መድረክ ላይ ምን ልታደርግ ነው?»

«ሊዲያ እውነቱን ለቴአትሩ ጽፋለች። እጫወተዋለሁ። ዓይኑን ያፈጠጠ ክፉ ሰው አድርጌ…»

«እንዳትሞክረው! ክፉ ካደረግኸው ሁሉም ‹እኔስ እንዲህ አይደለሁም› ብሎ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ፈሪ አድርገው። ፈሪ በየቤቱ አለ፤ እኔም ቤት አለ።»

ወሬ ሲያልቅ ምክር የሚሰለቸው ሰው ስላለ፣ የመጣውን ጥቅም አስቀድሜ ልናገር። ከቴአትሩ በኋላ፣ በዚያው የበረዶ ወራት፣ አዲሱን ጫማ ሰፊ «የባዕድ ሰላይ ነው» የሚል ሐሜት መንደሩን ዞረው። ድሮ ቢሆን ጫማችንን ወስደንበት፣ ሰላምታ ነስተነው፣ ሳይፈረድበት ባባረርነው ነበር። ያን ጊዜ ግን በመንደሩ ስብሰባ ላይ ሰዎች እየተነሡ «ማን አየ? በዓይኑ ያየ ይናገር!» አሉ። ያየ ጠፋ። አሥራ አንድ ሰዎች ስለ ጨዋነቱ ፈረሙለት። ሐሜተኛ ምስክር ሲጠየቅ አፉ ይታሰራል፤ ልጆችም ስምን ሳይሆን ሥራን መመርመር ይማራሉ፤ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ጋር ሳይፈራ ያድራል። ይህን ሁሉ ያተረፍነው የአንድ ቤተሰብ ኩራት ጥቂት ስለ ጎደለ ነው።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አቶ ኢኖክ በካሌብ ልብስ ወጡ። ቢላውን አነሡ፤ ወረቀቱን መፋቅ ሲጀምሩ አዳራሹ ውስጥ ያ ጭርጭርታ ብቻ ይሰማ ነበር። ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት «ውይ!» ብላ አፏን ያዘች። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጀግና ዓይኑ እያየ ሲወድቅ ደነገጠ።

ዳኛ ሆኖ የሚጫወተው ፖስተኛ ዶርካስን ሆና ወደምትጫወተው ሴት አመልክቶ ጠየቀ፦ «ካሌብ ፔልሃም፣ ይህችን ሴት ታውቃታለህ?»

አቶ ኢኖክ አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ አልወጣም። ሊዲያ ከመጋረጃው ጀርባ ቃሉን በሹክሹክታ አቀበለቻቸው፤ አሁንም አልወጣም። የሚተውኑ አይመስሉም ነበር፤ የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ በእውነት ፈርተው ነበር።

ከአዳራሹ ኋላ ሁልዳ ፌን ብድግ አለች።

«በለው፣ ኢኖክ! እሷ ይህን ሰምታ ነው የሞተችው፤ እኛም እንስማው!»

አቶ ኢኖክ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ወደ ዶርካስ ዞሩ።

«አላውቃትም» አሉ።

የዚያን ዕለት ማንም አላጨበጨበም።