ያልተጠራሁበት ተዝካር

ከሰቆጣ በወጣው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የነበሩ አንድ ቄስ አጠገባቸው የተቀመጠውን ወጣት ጠየቁት።

"የማን ልጅ ነህ?"

"እሱን ፍለጋ ነው የመጣሁት፣ አባ። ያደግኩት ሆላንድ፣ በማደጎ ነው። ትናንት እናቴን አገኘኋት።"

"እሰይ! ምን አለች?"

"ሙት ተነሣ ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ከሆላንድ ይመጣላት የነበረው ደብዳቤ ሲቋረጥባት፣ ሞቷል ብላ ተዝካሬን አውጥታ ኖሯል። የክርስትና ስሜን እስክነግራት አልከፈተችም።"

"ማን ነው ስሙ?"

"ኃይለ ሚካኤል።"

"ፍትሐትህን ያደረስኩት እኔ ነኝ!"

"ድግሱ እንዴት ነበር፣ አባ? እኔ አልተጠራሁም።"

"ጠላው ቀጥኖ ነበር። እናትህ ግን ያላትን አንድ በሬ አርዳልሃለች።"

"እንግዲህ ዘንድሮ የምጠመደው እኔ ነኛ!"

ከኋላቸው ሆኜ የምሰማው እኔ፣ መሞታቸውን እንኳ ሳላጣራ የስንቱን ሰው ተዝካር እንደበላሁ በሆዴ መቁጠር ጀመርኩ።