ቢጫ የቀባሁት ቸርኬ

በእኛ ጊዜ ሹፌር ማለት መኪናውን በጆሮው የሚያክም ሰው ነበር። እናንተ የአሁን ሹፌሮች አንድ ነገር ኮሽ ባለ ቁጥር ስልክ ታወጣላችሁ፤ እኛ የምናወጣው ክሪክ ነበር። እና ይሄ ነገር ልቤን አሳበጠው፣ ልቤ እንዳበጠ ደግሞ አረጀሁ። ዛሬ የምነግራችሁ አምና የሆነውን ነው። ላስቃችሁ ብዬ አይደለም፣ አፍሬበታለሁ፤ ለቤቴ ሰው እንኳ በሙሉ አልተናገርኩትም።

አምና ለዚያች አሸዋና ብሎኬት ወደ ለሚ ኩራ ለማመላልስባት መኪናዬ ሁለት አዲስ የፊት ጎማ ገዛሁላት። ጎማው የሚለብስበት ብረት፣ ቸርኬው፣ አርጅቶ ነበርና ከመርካቶ ሁለት ያገለገለ ቸርኬ ጨመርኩ። ታዲያ ቸርኬውን ሳየው ዝጓል። «አዲስ ጫማ በተቀደደ ካልሲ አይለበስም» አልኩና ቢጫ ቀለም ገዝቼ ቀባሁት። አንዴ ቀባሁ፣ አላረካኝም። ደገምኩ። ሰለስኩ። የሚታየውን ፊቱን ብቻ ቢሆን ደህና፣ እኔ ግን ጀርባውንም፣ ከመኪናዋ ጋር ብረት ለብረት የሚገጥመውን ሁሉ፣ ድፍን አድርጌ ቀባሁት። አርባ ዓመት የነዳ ሰው! እሺ፣ እለፉት።

በማግስቱ ጎሮ፣ ኸይረዲን ጋ ወሰድኩት። ኸይረዲን ጎሚስታ ነው፣ የስልጤ ሰው፣ መንገድ ዳር ጎማ ቤት ነበረው። ቁጥብ ነው፣ ካልጠየቁት የማይናገር። ቸርኬውን በጣቱ ዳሰሰና «ጋሼ፣ ቀለሙ በደንብ ደርቋል?» አለኝ። «አንተን ቀለም አማከርኩህ? ግጠም!» አልኩት። ገጠመ። ቸርኬውን ከመኪናዋ ጋር የሚያስሩትን ዳዶዎች አንድ በአንድ፣ በሙሉ ጉልበቱ፣ ላቡ እስኪንጠባጠብ አጠበቃቸው። ቆሜ አይቻለሁ እኮ! በዓይኔ አይቻለሁ።

ታዲያ በሦስተኛው ቀን ወደ ሰሚት ስወጣ፣ ፍጥነቴ ስድሳ ሲገባ መሪው እጄ ላይ ብርርርር አለ፣ ወባ እንደያዘው ሰው። ስቀንስ ይተወኛል፣ ስጨምር ይነሳል። ዳር ይዤ ወረድኩና ዳዶዎቹን በቁልፍ ብነካቸው ላልተዋል። አስቡት፣ ያ መንገድ ተማሪ የሚፈስበት ነው። ጎማው ቢወጣ ኖሮ...

እኔም ዳዶዎቹን እንደ ነገሩ አጠባብቄ፣ ደሜ ፈልቶ ወደ ጎሮ ተመለስኩ። መኪናዋን በሩ ላይ ገተርኩና ዘልዬ ወረድኩ። አምስት ስድስት ሹፌር ተራ ይጠብቃል። «ኸይረዲን! ዳዶ ማጥበቅ አቃተህ? ያለቀው ጉልበትህ ነው ወይስ ህሊናህ?» አልኩት። ክሪኩን አስገባ፣ ጎማውን ፈታ፣ ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን አየ። ከዚያ ቀና አለና በዚያ በለስላሳ ድምፁ «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ወደ ውስጥ ይግቡ፣ ለብቻዎ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለኝ።

እንግዲህ ስሙኝ፣ ይቺን ቃል ነው ያልሰማኋት። ለእኔ የመሰለኝ ሰውዬው አጥፍቷል፣ ሰው ሳይሰማ ሊያባብለኝ ነው። እና ምን ያልኩ ይመስላችኋል? ወደ ሹፌሮቹ ዞርኩና «አያችሁት? ንጹሕ ሰው ጓዳ ምን ያደርግለታል? እዚሁ ተናገር!» አልኩ። «እዚህ አይሆንም ጋሼ» አለ። «እዚህ ካልሆነማ ጥፋትህን አምነሃል! ሰዎች፣ ጎማችሁን ለዚህ ሰው የምትሰጡ ልጆቻችሁን ተሰናብታችሁ ውጡ!» አልኩ። በዚህ አፌ ነው ያልኩት፣ በዚህ። ቀለሙን ሊፍቅ ይሁን ምን እንጃ፣ ቢላዋ አንስቶ ወደ ጎማው ጎንበስ ሲል ደግሞ «ሁለተኛ እንዳትነካት! መልሰህ እሰር!» ብዬ ጮህኩበት። አሰረ። አንገቱን እንደደፋ «ቀስ ብለው ይንዱ ጋሼ፣ ዳዶውን በየቀኑ ይፈትሹ፣ አደራዎን» አለኝ። ሞተሩን አስነስቼ ሄድኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ደግሞ የዕድር ዳኛ ነኝ፣ የተናገርኩት ይታመናል። ያን ቀን ተራ ከሚጠብቁት ሁለቱ ጎማቸውን ጭነው ወዲያው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መስመር የሚነዳ ሁሉ ኸይረዲንን አለፈው።

መንቀጥቀጡስ? በሁለተኛው ቀን ተመለሰ። ባላንስ ቤት ወሰድኳት፣ «ጎማው ደህና ነው» አሉኝ። አላይመንት ቤት ወሰድኳት፣ «መሪዋ ቀጥ ያለ ነው» አሉኝ። እኔ ግን «ኸይረዲን ያበላሸው ነገር አለ» እያልኩ ለሁሉም አወራለሁ። በመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ራሴ ፈታኋት። ጎማውን ገለበጥኩት፤ ያ ሰው እንዳደረገው። ቀለሜ እዚህ ተፈርፍሯል፣ እዚያ እንደ ገንፎ ተጋግሯል። ለካ ዳዶው የተጠበቀው ብረት ላይ ሳይሆን ቀለም ላይ ነው፤ ቀለሙ ሲጨፈለቅ ዳዶው ይላላል፣ ጎማው ተንጋዶ ይሽከረከራል። ቁጭ አልኩ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

እና ያን ጊዜ የግቢውን በር ዘጋሁት። ጎረቤት እንዳያየኝ! በቢላዋ ፋቅኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ በቤንዚን አጠብኩ፣ አስሬ ወጣሁ። ሰማንያ ነዳሁ፣ መሪው ዝም። ሰው ሲጠይቀኝ ምን አልኩ? «አላይመንት ነበር።» ዋሸሁ። ስህተትስ ማንም ይሳሳታል፤ እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ከዚያ በጎሮ ማለፍ ተውኩ። ነዳጅ እያቃጠልኩ በአራብሳ እዞር ጀመር፣ ያን ሰው ዓይን ላለማየት። ሦስት ወር!

በሦስተኛው ወር ጭነቱ አስገድዶኝ በጎሮ ሳልፍ ጎማ ቤቱ ሌላ ሰው ይዞታል። ጎኑ ያለውን ባትሪ ሠሪ ብጠይቀው «ኸይረዲን? ሰው ራቀበት፤ ለቆ አሁን አያት፣ ሰው ቤት ተቀጥሯል» አለኝ። ተቀጥሯል! የራሱ ቤት የነበረው ሰው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት አያት ሄድኩ። ጎማ እየነፋ ነው፣ ሰው ከቦታል። «ሰዎች ስሙኝ፣ ይሄን ሰው ያለ ጥፋቱ አዋርጄዋለሁ። ቸርኬውን በቀለም ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ካወቅኩ በኋላም ደብቄያለሁ» አልኩ። እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዞ አስቀረኝ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ያኔውኑ አይቼዋለሁ» አለ። «ታዲያ ምነው ዝም አልክ? ምነው አፌን አላዘጋኸኝም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አምስት ሰው ፊት አባቴ የሚሆኑትን ሰው ላዋርድ? ለብቻዎ ልነግርዎት ነበር» አለኝ።

ቆይ፣ አላለቀም። «እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው» አለ። «ቀለሙ እንዳለ ሄደዋል። መኪናዎ ማለፍ ስትተው፣ ጎማው ወጥቶ ገድሎዎታል ብዬ አላፊውን ሁሉ እጠይቅ ነበር። ዛሬ ሳይዎት አልሃምዱሊላህ ነው ያልኩት።» እኔ ከሱ ስደበቅ፣ እሱ ሬሳዬን ይፈልጋል! ምን ይባላል? እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ያውም መንገድ ዳር።

ይቅር አለኝ፣ አዎ። ያንን የጎሮውን መስመር ሹፌር ሁሉ በየተራ እየያዝኩ ነግሬያለሁ፤ የተመለሱለት አሉ፣ ያልተመለሱም አሉ። ቤቱን ግን ሌላ ሰው ይዞታል፣ እሱን መመለስ አልቻልኩም። እና ልጆቼ፣ የኔ ፍርድ ይሄ ነው፦ አላዋቂነት አይደለም ያዋረደኝ፣ መከበር ነው። ሰው ሲያከብርህ የሚነግርህ ይጠፋል።

(ከአድማጮቹ መካከል ደረጀ የሚባለው ወጣት ሹፌር፦) ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... እንዲህ ከሆነማ እኛስ ስንቱን ነገር ሳንነግርዎት ቀርተን ይሆን?

(ሁሉም ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ወንበራቸውን ወደ ልጁ ሳብ አደረጉ።) በል ጀምር። እዚሁ፣ ሰው ፊት።