ካፒቴን ቱሚ ከሚኒባሱ ላይ የወደቁበት ጠዋት

የምስክሩ ስም፦ ቨርነን ኮቫች
ዕድሜ፦ 54
አድራሻ፦ ኮራዮፖሊስ፣ ከፒትስበርግ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ
ሥራ፦ የበረራ ሠራተኞች ሚኒባስ ሹፌር
የትምህርት ደረጃ፦ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ፌብሩዋሪ 9፣ ከጠዋቱ 3፡15
ቃሉን የተቀበሉት፦ ሳጅን ሎሬን ፒትሪ

ዛሬ ጠዋት ካፒቴን ቱሚ ከሚኒባሴ ደረጃ ላይ ወድቀው እጃቸው ተሰብሯል፤ ልጄ ዳርሲ የሻንጣቸውን እጀታ ይዛ ነበር፤ እኔ መሪው ላይ ነበርኩ፣ በመስታወት አይቻለሁ፤ አምቡላንስ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ በረራው ተሰርዟል፤ ልጄም ሥራዋ ላይ አልደረሰችም። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ስለተናገርኩ ሳጅኗ ከመጀመሪያው ጀምሬ ቀስ ብዬ እንድናገር ነገሩኝ።

አድራሻው ከላይ ተጽፏል። የምሠራው እዚሁ ማረፊያው አጠገብ ካለው ሆቴል ነው፤ ነገር ግን ለሆቴሉ አይደለም። ድሮ ለሆቴሉ ነበር። ከአራት ዓመት ወዲህ ሆቴሉ ሚኒባሶቹን ለሌላ ድርጅት በኮንትራት ሰጠ፤ እኔም ከሚኒባሶቹ ጋር አብሬ ተላለፍኩ። ሥራዬ መኪና ማሞቅ፣ ሻንጣ መጫን፣ ፓይለቶችንና አስተናጋጆችን ማረፊያው ማድረስ፣ በክረምት ደግሞ የሆቴሉ በር ፊት ለፊት ጨው መበተን ነው። ዛሬም ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በትኛለሁ። ይህን የምለው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ልጄ ዳርሲ 26 ዓመቷ ነው። የትንሹ አየር መንገድ ረዳት ፓይለት ናት። ትንሹ የምለው ለትልቁ አየር መንገድ አጫጭሩን በረራ በኮንትራት የሚበርለትን ነው። አውሮፕላኑ የትልቁን ቀለም ተቀብቷል፣ ቲኬቱም የትልቁ ነው፣ ደሞዙ ግን የትንሹ ነው። የምትኖረው እኔ ጋ ሲሆን ሥራዋ የሚጀምረው ከኒዋርክ ነው። ስለዚህ ሥራ ባላት ቀን ወደዚያ የሚሄድ አውሮፕላን ላይ ቦታ ትለምናለች። የመንገደኛው ወንበር ሲሞላ ከፓይለቶቹ ጀርባ አንዲት ትርፍ ወንበር አለች፤ የሌላ ድርጅት ፓይለት በነጻ ይሄድባታል። ልማዱ ግን ካፒቴኑን ፊት ለፊት ቆሞ መጠየቅ ነው። ካፒቴኑ እምቢ ካለ አለቀ፣ ለምን አይባልም። ዳርሲ በዚህ ክረምት በበረዶ ምክንያት ሁለት ጊዜ ሥራ ቀርታለች። ሦስተኛው መባረር ነው ተብላለች።

ከንጋቱ 11፡40 ሲሆን ካፒቴን ሃርላን ቱሚና ረዳታቸው ኤስፖዚቶ ከሆቴሉ ወጥተው ገቡ። ሁለቱም የትልቁ ናቸው፣ ወደ ኒዋርክ የሚበሩም እነሱ ነበሩ፤ የመንገደኛውም ወንበር ሞልቶ ነበር። ዳርሲ ከቤት ከእኔ ጋር መጥታ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። አስተናጋጆቹን ስንጠብቅ ያው የሰሞኑ ወሬ ተነሳ። የትልቁ ፓይለቶች ማኅበር በአዲሱ የኅብረት ስምምነት ላይ ድምፅ እየሰጠ ነው። ስምምነቱ ለእነሱ ደሞዝ ይጨምራል፤ በምትኩ ኩባንያው ሃያ አምስት ተጨማሪ አውሮፕላን ለትንሹ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። እስከ ዛሬ ይህን የሚከለክል አንቀጽ ነበራቸው። እኔ ወር ሙሉ ይህን ክርክር ጠዋት ማታ ስሰማ ጆሮዬ ደክሟል።

ኤስፖዚቶ «እኔ አዎ ብያለሁ። ሦስት ልጅ አለኝ፣ አንቀጽ አይበላም» አለ።

ካፒቴኑ «ብላ፣ ብላ! አንተ ጭማሪህን ስትበላ እነሱ መንገድህን ይበሉልሃል። ዛሬ ኒዋርክን፣ ነገ ቺካጎን። መጨረሻ ላይ ከቨርነን ጋር ሻንጣ ትጭናለህ» አሉ።

እኔ «እዚህም ቦታ የለም ካፒቴን፣ እኔ ራሴ በኮንትራት ነኝ» አልኩ። ሳቁ። ዳርሲ አልሳቀችም።

«‹እነሱ› የሚሏቸው እኮ እኔ ነኝ» አለች። «ስምምነቱ ከወደቀ ኩባንያው ከእኛ ላይ አውሮፕላን እቀንሳለሁ ብሏል። መጨረሻ የተቀጠርኩት እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ የምወጣውም እኔ ነኝ።»

ካፒቴኑ «ልጄ፣ አንቺን ማን ነካሽ? አንድ ቀን ወደ እኛ መምጣት ትፈልጊ የለም ወይ? አሁን በርካሽ እየበረርሽ የምታጠፊው እኮ ያን ቀን የምትቀመጪበትን ወንበር ነው» አሏት።

«እስከዚያስ ምን ልብላ? ተስፋ?»

ኤስፖዚቶ «ተስፋማ ማኅበሩ ቢሮ በነጻ ይታደላል» አለ። የማኅበሩ ተወካይ ካፒቴኑ ናቸው፤ ነገሩ ለእሳቸው ነበር።

ከዚያ ዳርሲ ተነስታ ፊታቸው ቆመችና እንደ ልማዱ «ካፒቴን፣ እስከ ኒዋርክ ቢያሳፍሩኝ?» አለች። እሳቸው «ዛሬ አይሆንም» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ሰሞኑን አንዳንድ ካፒቴኖች በድምፁ ተናደው የትንሹን ፓይለቶች አናሳፍርም ብለዋል ይባላል። ልጄም የመሰላት እሱ ነው። «ስለ ድምፁ ነው አይደል? ዓመት ሙሉ ያሳፈሩኝበት ወንበር ዛሬ ጠበበኝ? እንደሱ ከሆነ ፈሪ ነዎት» አለች። እኔ «ዳርሲ፣ ምላስሽን!» አልኩ። ካፒቴኑ ፊታቸው ቀላ። «ቨርነን፣ ታክሲ ጥራልኝ» ብለው ሻንጣቸውን አንስተው ወደ በሩ ሄዱ።

እሷ «ይቆዩ፣ መልስ ሰጥተውኝ ይሂዱ» ብላ የሻንጣውን እጀታ ከኋላ ያዘች። እሳቸው ደረጃው ላይ ሆነው ጎተቱ። አልገፋቻቸውም። እኔ በመስታወት ሳይ «ዳርሲ!» ብዬ ጮህኩ። ደንግጣ ለቀቀች። ያን ጊዜ ነው ከነሻንጣቸው ወደ ውጭ የወደቁት። ባልጮህ ኖሮ ምን ይሆን ነበር፣ እንጃ።

ኤስፖዚቶ ዘሎ ወረደና «ምን ነካሽ አንቺ! ወንበሯን እኮ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ይዟታል! ማታ ነው የነገሩን» አላት። ተቆጣጣሪ ለፍተሻ ሲመጣ ወንበሯ የእሱ ናት፤ ካፒቴኑም ቢሆኑ ሊያስነሱት አይችሉም። ዳርሲ አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አለች። ካፒቴኑ እጃቸውን አቅፈው «ልነግርሽ አፌን ስከፍት ስድብ ጀመርሽ። እኔም እልህ ያዘኝ» አሉ።

መጀመሪያ የደረሰው ፖሊስ ሲጠይቃቸው ካፒቴኑ «በረዶ አዳልጦኝ ነው» አሉ። አምቡላንስ ሊገቡ ሲሉ ጠጋ ብዬ ለምን እንዲህ እንዳሉ ጠየቅኋቸው። «የእኔ እጅ ይድናል። የእሷ ስም ፖሊስ ጋ ከገባ ግን የማረፊያውን መግቢያ መታወቂያ ይነጥቋታል፣ ከዚያ ማንም አይቀጥራትም። አፍህን ዝጋ» አሉኝ። ሰውዬው ደግ ናቸው። ነገር ግን አንደኛ፣ በረዶ አልነበረም፣ ጨው በትኛለሁ። ሁለተኛ፣ በረዶ ነው ከተባለ ጥፋቱ ጨው በታኙ ላይ ነው፣ እሱም እኔ ነኝ፤ አሠሪዬ ደግሞ ሰው ለመቀነስ ሰበብ ነው የሚፈልገው። ሦስተኛም ነበረኝ፣ አሁን ጠፋብኝ።

እውነቱን ለመናገር በረዶ ነው ብዬ ልፈርም ነበር የመጣሁት። እዚህ ጣቢያው ኮሪደር ላይ ስንጠብቅ ዳርሲ «አባዬ፣ ያየኸውን ተናገር» አለችኝ።

«ያስሩሻል እኮ።»

«ሦስተኛዬን ዛሬ ቀርቻለሁ፣ ያው ከሥራ ወጥቻለሁ። አንተ ደግሞ አትጨመርብኝ። ለአንድ ቤት አንድ ሥራ ፈት ይበቃዋል።»

የኒዋርክ አለቃዋ ሐሙስ እወስናለሁ ብሏታል። ስለዚህ በትክክል እንዲጻፍልኝ የምፈልገው ይህ ነው፦ እጀታ ይዛለች፤ አልገፋችም፤ አልመታችም፤ በረዶ አልነበረም።

ይህ ቃል ተነቦልኛል። ያልኩት ተጽፏል፣ ያላልኩት አልገባበትም። ለልጄም ሆነ ለራሴ ብዬ የደበቅሁት የለም፤ ፍርድ ቤት ብጠራም ይህንኑ እላለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ቨ. ኮቫች
የተቀባይዋ ፊርማ፦ ሳጅን ሎ. ፒትሪ

ከፈረምኩ በኋላ አስጨምሬ በድጋሚ የፈረምኩበት፦ አሁን ኤስፖዚቶ ከሆስፒታል ደውሎልኝ ነበር። አየር መንገዱ ካፒቴኑ ማረፊያው ደርሰው ሥራ መግባታቸውን ስላልፈረሙ ሥራ ላይ አልነበሩም ይላል። ሆቴሉ ሚኒባሱ የሆቴሉ አይደለም ይላል። የእኔ ድርጅት ደግሞ የወደቁት ሆቴሉ ግቢ ነው ይላል። የካፒቴን ቱሚ እጅ ማሳከሚያ እስከዚህ ሰዓት ድረስ አልተከፈለም። ቨ.ኮ.