የተወለወለችው መስታወት

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ቢሆንም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ፣ ያውም ፊዚክስ ክፍል። ተማሪ በአራት ዓመት ይወጣል፤ እኔን የሚያስወጣኝ ገና አልተወለደም። ሥራዬ ጽዳት ነው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ባልዲዬን አንጠልጥዬ ሳልፍ፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው ልጅ የቤተ ሙከራው በር ላይ ተደግፋ ቆማለች። እኔ «ቀጭኗ» እላታለሁ፤ ምሳ ሰዓቷን ሁሉ ከመሣሪያዋ ጋር ነው የምትጨርሰው።

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አልኳት።

«ሥራዬ ተበላሸብኝ፣ እማማ።»

አንዲት ስስ ፕላስቲክ በመብራት ሙቀት ቀን በቀን ምን ያህል እንደምትደበዝዝ ነው የምትለካው። ብርሃኑ በፕላስቲኳ አልፎ፣ ትንሽ መስታወት ላይ ነጥሮ፣ መለኪያው ውስጥ ይገባል።

«መቶ አርባ ቀን ቁጥሩ ጥቂት በጥቂቱ ነበር የሚወርደው» አለችኝ። «ማክሰኞ ግን ገደል ገባ። ምክንያቱን ካላወቅኩ ልፋቴን ማንም አያምነውም። የመመረቂያ ፈተናዬ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።»

አማካሪዋ ፕሮፌሰር ከቢሯቸው ወጥተው ይሰሙ ኖሯል።

«ልጄ፣ ይህ ምን ያስጨንቃል?» አሏት። «ከማክሰኞ ወዲህ ያለውን ሰርዢው። እኛም ስንሠራ የኖርነው እንደዚያው ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መምህር። ሳላውቅ ከሰረዝኩ፣ የሚቀረው የመረጥኩት ቁጥር እንጂ የለካሁት አይሆንም።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። እሷ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ ማክሰኞ ክፍሉ ውስጥ የነኩት ነገር ይኖር ይሆን?»

«እኔ ወለል ነው የምነካው» አልኳት።

ዋሸሁ። መስታወቷ ላይ አቧራ አይቼ ወልውያታለሁ፣ ያውም በአዲስ ጨርቅ። ግን የልጅ ልጄን የምታክል ልጅ ስለ ጽዳት ልትጠይቀኝ? ከማጽዳቴ የተነሳ የዚህን ሕንፃ መጸዳጃ ቤት እንኳ በአፍንጫው የሚያገኘው የለም፤ መንገድ የጠፋው እንግዳ ሁሌ እየጠየቀ ነው የሚደርሰው።

«ደግሞስ ብነካ» አልኳት፣ «ማጽዳት ጥፋት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ፊዚክስ ቆሻሻ ይወዳል እንዴ?»

«አንዳንዴ ይወዳል» አለችና ሳቀች። «የቤትዎ መስታወት የሚያንጸባርቀው ቅቡ ከኋላ ነው፤ ቢፈትጉትም አይነካም። የዚህ ግን ቅቡ ከፊት ነው፣ ከፀጉር ብዙ መቶ ጊዜ ይሳሳል። አቧራው የሚሰርቀኝ ብርሃን ጥቂት ነው። ጨርቁ ግን ያንን አቧራ እየጎተተ ቅቡን ይጭረዋል።»

«ታዲያ ይህን ማን ነገረኝ? በሩ ላይ የተጻፈ የለ።»

«አልነገርንዎትም» አለች፤ ሳቋ ጠፋ። «የእኔ ጥፋት ነው። ገና ትናንት ለገባው ተማሪ ሳይቀር ስናስረዳ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ለኖሩት ለእርስዎ አንድ ቃል አልተናገርንም።»

ይህ አባባሏ አንጀቴ ገባ። ቢሆንም በዋዛ አልሸነፍም።

«የነካው ሰው ቢገኝ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ምንም። ቀኑንና ሰዓቱን እጽፋለሁ። ያኔ እስከዚያ የለካሁት ሁሉ ይተርፋል። መስታወቷ ምን ያህል እንደተጫረች ለክቼ ከማክሰኞ ወዲህ ያለውንም አቃናለሁ። ዝም ካለኝ ግን መቶ አርባውም ቀን ይጠረጠራል።»

እርጥብ ወለሌን ረግጦ «እኔ አይደለሁም» የሚል ሰው አንገሽግሾኝ ነው የኖርኩት። የጫማው ዳና እዚያው እየታየ ይክደኛል። እኔስ አሁን ከእሱ በምን ተሻልኩ?

«ጻፊ» አልኳት። «ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። በደረቅ ጨርቅ፣ ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ። የጽዳት ሠራተኛዋ ናት ብለሽ ጻፊ። በሥራዬ አፍሬ አላውቅም።»

ጻፈች። ፕሮፌሰሩ ይህ ነገር ከመመረቂያ ጽሑፏ ካልወጣ የትምህርት ክፍሉ መሳቂያ ይሆናል ብለው ተሟገቱ፤ እሷ ግን በትሕትና እምቢ አለች።

የፈተናዋ ቀን ካፖርቴን አጥቤ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ገጹን እየገለጡ ድንገት ቆሙ።

«ይህ ቁጥር ለምን ወደቀ?»

ያንን መስመር ከነሰዓቱ አነበበችላቸው። ፕሮፌሰሩ አንገታቸውን ኮታቸው ውስጥ ቀበሩ። እኔ ቀና እንዳልኩ ነኝ።

ፈታኙ መነጽራቸውን አወለቁ። «እስከ ዛሬ የመረመርኩት ሥራ ሁሉ ልሙጥ ነው፤ የማንም እጅ አልነካውም። ይህ የተነካውን ይናገራል። ስለዚህ ያልተነካውንም አምነዋለሁ።»

በከፍተኛ ማዕረግ አለፈች።

ዛሬ በየቤተ ሙከራው በር ላይ ደብተር ተንጠልጥሏል፣ እስክሪብቶም በገመድ። የገባ ሁሉ የነካውን ይጽፋል፤ እኔም እጽፋለሁ። ቁጥር ሲዛነፍ ሰው ከመጠርጠርና መሣሪያ ከመፍታት በፊት ደብተሩ ይታያል፤ የሳምንት ሥራ በአንድ ገጽ ያልቃል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችም ያልጣማቸውን ቁጥር መሰረዝ ትተዋል። እንዳይሰርዙ የሚቆጧቸው ማን መሰሏችሁ? ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ናቸው።

ባለፈው ሳምንት እሳቸው ገብተው አንዲት ሌንስ ነካ አደረጉና ሊወጡ ሲሉ፣ መወልወያዬን በሩ ላይ አጋደምኩ።

«ምን ነኩ?»

«ምንም... ትንሽ ነው ያቃናኋት።»

«ይጻፉዋ።»

ጻፉ። ጎንበስ ብዬ አነበብኩት፤ ጽሕፈታቸው ከእኔ ይብሳል።

«ሰዓቱን ረስተዋል» አልኳቸው።

ተመልሰው ጻፉ።